የእመት ቀበሮ የቅል ዳክዬዎች

አንድ ጊዜ፣ ዳር ዳሩን ደንገል በከበበው ሐይቅ አጠገብ ጥርሱ ያለቀ አንበሳ ይገዛ ነበር። ያለቀ ሲባል ጨርሶ አይደለም። ሁለት ቀርተውታል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ክፋቱ ሁለቱ አይገናኙም። የበሬ ሥጋ ሲቀርብለት ያላምጥ ያላምጥና ደክሞት ይተኛል፤ ሲነቃ እዚያው ጉርሻ ላይ ይቀጥላል። አጋፋሪው አህያ ነበር። ይህን ሹመት ያገኘው በጥበቡ አይደለም፤ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ ስለሚሰማ ነው። ደግሞም ሣር በል በመሆኑ ከንጉሡ ማዕድ አይሰርቅም።

አንድ ቀን አንበሳው «ለስላሳ ሥጋ አማረኝ» አለ። «ዳክዬ።»

እመት ቀበሮ በቦታው ነበረች። እሷ ደግሞ ንጉሥ ሲመኝ እየሰማች ዝም ማለት አይሆንላትም።

«ዳክዬ ነው? እኔ እያለሁ!» አለች።

በሳምንቱ ባዶ እጇን መጣችና ዳክዬዎቹ ለቅሶ ሄደዋል አለች። በሁለተኛው ሳምንት ጾም ላይ ስለሆኑ ከስተዋል፣ ለንጉሥ አይመጥኑም አለች። በሦስተኛው ሳምንት ምን እንዳለች እሷም አታስታውሰውም። እውነቱ ግን ቀላል ነው። ዳክዬዎቹ የሚውሉትም የሚያድሩትም ከሐይቁ መሃል ነው፤ እመት ቀበሮ ደግሞ ፀጉሯ ከሚረጥብ ብትራብ ትመርጣለች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንበሳው አስጠራት።

«እመት ቀበሮ፣ እስከ ቅዳሜ ሰባት ዳክዬ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ሰባት ማለት እኮ…»

«ሰባት ማለት ከስድስት ቀጥሎ ያለው ነው። ካላመጣሽ አገሬን ለቀሽ ትወጫለሽ። ጉድጓድሽን ከርከሮ ይወስደዋል፤ ደጅ ሲጠናኝ ሁለት ዓመቱ ነው።»

በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ልጆች ተኝተዋል። ጊዜው ደግሞ የበጋው ማብቂያ ነው፤ ከኮረብታው ወዲያ ያለው አገር ድንጋይና አቧራ እንጂ አንድ ጉንጭ ውሃ አይገኝበትም። በዚያ ላይ ጨቅላ ይዞ መሰደድ ምን ማለት እንደሆነ እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። እመት ቀበሮ ፈራች።

ከግቢው ወጥታ ከሐይቁ ዳር ተቀመጠች። ምን እንደምታደርግ አታውቅም። በዚህ መሃል ከማዶ መንደር ውሃ ልትቀዳ የወረደች አንዲት ሴት ቅሏ አመለጣት። አንገቱ ቆልመም ያለ ቅል ነው። ሴትየዋ ተሳድባ ሄደች፤ ቅሉ ሐይቁ ላይ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ዳክዬ እየቀዘፈ መጣና አጠገቡ ቆመ። አንድ ነገር አጉረመረመ። ቅሉ ዝም አለ። ዳክዬው አልተቀየመም፤ እንዲያውም ክንፉን አጣጥፎ እዚያው ሸለብ አደረገው።

እመት ቀበሮ ብድግ አለች።

«ለካ ዳክዬ ዘመድ ሲያይ ሰላምታውን እስኪመልስለት አይጠብቅም» አለች። «መልኩን አይቶ ብቻ ይጠጋል።»

ባለቤቱ ትቶት የሄደ የቅል ማሳ በቅርብ ነበር። እመት ቀበሮ ከዚያ አሥራ ሁለት ቅል መረጠች፤ ሁሉም ሆዳቸው ሰፋ፣ አንገታቸው ቆልመም ያለ። የመጀመሪያውን ከዳር ውሃ ላይ ብታስቀምጠው ተገልብጦ ሆዱን ለሰማይ ሰጠ። የሞተ ዳክዬ መሰለ። በሞተ ዘመድ አጠገብ ማን ሊያርፍ ይመጣል? ስለዚህ ቅሉን በስታ ከሆዱ አሸዋ ጨመረች፤ ቀዳዳውንም ከጫካ ቀፎ ባመጣችው ሰም ደፈነች። አሁን ደግሞ አሸዋው በዛና እስከ አንገቱ ሰመጠ። ቀነሰች። በሦስተኛው ሙከራ ቅሉ ደረቱን ቀና አድርጎ፣ ጅራቱን ከውሃው በላይ አውጥቶ፣ እንደ ባለ ርስት ተንሳፈፈ።

ከዚያ በኋላ ማስዋቡ መጣ። እመት ቀበሮ እዚህ ላይ እንዳበደ ሰው ሆነች። ከከሰል አክሳዮች ጉድጓድ ጥላሸት አምጥታ ጀርባቸውን ቀባች፤ ለአንገታቸው ነጭ አመድ፣ ለአፋቸው ቀይ አፈር፣ ለዓይናቸው የሚያብረቀርቅ የጉሎ ፍሬ። ከደንገሉ ሥር የወደቁ ላባዎች ለቅማ በሰም ለጠፈች። አንዱን ላባ ትለጥፋለች፤ ራቅ ብላ ታያለች፤ ትነቅለዋለች፤ እንደገና ትለጥፋለች። ልጆቿን ልታጠባ ካልሆነ በቀር ከሥራዋ አልተነሳችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱ አልቀው ተደርድረው ነበር። እንኳን ዳክዬ፣ የዳክዬ እናት ብታያቸው ስማቸውን ትጠራ ነበር።

አሁን የቀረው ከሐይቁ ላይ ማቆም ነው። ለዚህ ውሃ የሚገባ፣ ድንጋይ የሚሸከም፣ ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ጉልበት ያለውና ሥራ የሌለው አንድ ብቻ ነበር፤ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ ፀሐይ ስትበረታ ከሐይቁ ዳር እስከ አንገቱ ተነክሮ ይውላል።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ተርቤ።»

«እንዴት አደርክ ብልህስ?»

«ያው ነው» አለ አያ ጅቦ፤ አልዋሸም።

«ሥራ አለኝ። ነገ ትሠራልኛለህ፣ ቅዳሜ ጠዋት የዳክዬ ራስና እግር ታገኛለህ፤ ሰባት ራስ፣ አሥራ አራት እግር።»

አያ ጅቦ መደመር አይሆንለትም፤ «እግር» የሚለውን ግን ሰምቶ ከውሃው ወጣ።

አርብ ጠዋት እመት ቀበሮ አህያውን «የንጉሥ ጉዳይ ነው» ብላ ከንጉሡ ዕቃ ቤት አንድ የበሬ ቁርበት አስወጣች። ዙሪያውን እያዞረች በስለት ቀደደችውና አሥራ ሁለት ረጃጅም ጠፍር አወጣች። አያ ጅቦ ቆሞ ያያል። አፉ አንዴም አልደረቀ።

እዚህ ጋ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እመት ቀበሮ አልሰማችም? ሰምታለች። ግን የምትተካው ነገር አልነበራትም። የዛፍ ልጥ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዳክዬ ያየዋል። ጠፍር ግን ሰምጦ ይቀራል። ስለዚህ አያ ጅቦን አስማለችው።

«ጠፍሩን አልበላም በል።»

«አልበላም።»

«በእናትህ?»

«እናቴን ጅብ ይብላት» አለ አያ ጅቦ። እናቱን በእርግጥም ጅብ ነው የበላት፤ መሐላው ብዙም አልከበደውም።

ቀጥላ አሠራሩን ነገረችው። የአሥራ ሁለተኛውን ቅል ላባ እየለጠፈች ስለነበር ቀና ብላም አላየችው።

«ጠፍሩን የምታስረው ከደረታቸው ነው። ከጅራት ካሰርክ ነፋስ ሲመጣ ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ ዳክዬ ደግሞ ሁልጊዜ ፊቱን ነው ለነፋስ የሚሰጠው። ከሌላው ጫፍ ድንጋዩን እሰር። አቀማመጣቸው እንደ ማጭድ ይሁን፤ ክፍቱ ወደ ደንገሉ ይዙር። ዳክዬዎቹ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ያርፋሉ፣ እኔ ደግሞ ከደንገሉ ውስጥ ነኝ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«የውሃው ጥልቀት ሦስት ክንድ ነው። ጠፍሩ ግን ስድስት ክንድ ነው፤ እንዳታሳጥረው።»

አያ ጅቦ ግንባሩን ቋጠረ። «ውሃው ሦስት ከሆነ ሦስት አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«ለምን?»

በዚህ ሰዓት አንዲት ላባ ከሰሙ ተላቃ ወደቀች። እመት ቀበሮ ተናደደች።

«ስድስት ነው አልኩህ ስድስት ነው! አንተ ሥራህን ሥራ!»

ለጅብ ምክንያት መንገር ጊዜ ማባከን መሰላት። ላባዋን አነሳችና እንደገና ለጠፈቻት። በጣም ቆንጆ ሆነች።

አያ ጅቦ የመጀመሪያውን ቅል በአፉ ይዞ፣ ድንጋዩን በጉያው ሸጉጦ ወደ ውሃው ገባ። ቀኑ ጸጥ ያለ ነው፤ ሐይቁ ላይ አንዲት መስመር አልነበረችም። ድንጋዩን ለቀቀው። ድንጋዩ ከጭቃው ሲያርፍ የጠፍሩ ግማሽ ገና ከእጁ ላይ ነበር።

«አይ እመት ቀበሮ» አለ ለራሱ። «ብልህ ናት ይላሉ፤ ልክ አታውቅም። ሦስት ክንድ ሙሉ ትርፍ!»

ትርፉን ምን ያድርገው? ውሃ ውስጥ ቢተወው ይበሰብሳል። የበሬ ቁርበት እያዩ ማበስበስ ደግሞ በአያ ጅቦ ቤት ነውር ነው። ጠፍሩም ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ሽታው የበሬ ሽታ ነው። ሦስቱን ክንድ በላና ቀሪውን ከቅሉ ደረት ላይ አሰረ። ቅሉ ቆመ። እንዲያውም ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሁለተኛው ላይ ደረሰ። እዚህ ጋ የውሃው ጥልቀት ያነሰ መስሎት አራት ክንድ በላ። ድንጋዩ መሬት ሳይነካ ከውሃው መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ። አያ ጅቦ ቅሉ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። ቅሉ ንቅንቅ አላለም። ነፋስ የለ፣ ምን ይገፋዋል?

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጠፍር ለምን ነበር?» አለ አያ ጅቦ። «የሚያቆመው ድንጋዩ ነው። ጠፍሩ ድንጋዩን ለማንጠልጠል ብቻ ነው።» እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ የመጀመሪያው ስለሆነ በራሱ ኮራ።

ከሦስተኛውና ከአራተኛው አምስት አምስት ክንድ በላ። ከአምስተኛው በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተወው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሥራ ሁለቱም ቅሎች እንደ ማጭድ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ክፍታቸውም ወደ ደንገሉ ነው። አያ ጅቦ ሆዱን አሳብጦ ወጣ። ጠግቤያለሁ ግን አላለም፤ ጅብ እንዲህ ሲል የሰማ የለም።

እመት ቀበሮ ከዳር ቆማ አየች። ልቧ ሞላ።

«ስድስት ስድስት ክንድ ነው?»

«ቁጠሪያቸው» አለ አያ ጅቦ። «አንድም አልጎደለም።»

ቆጠረቻቸው። አሥራ ሁለት ራስ ከውሃው በላይ አለ። አሥራ ሁለት ራስ ካለ ከታቹም አሥራ ሁለት ጠፍር አለ ማለት ነው ብላ አመነች። ከዳር ያለችውን አንዷን ብቻ ሳብ አድርጋ ብታያት ሁሉንም ታውቅ ነበር። ግን ለዚያ ውሃው ውስጥ መግባት ነበረባት፤ ፀጉሯን ደግሞ ጠዋት ነው ያበጠረችው። እንዲያው አይታ አይታ «እንዴት ያምራሉ!» ብላ ወደ ልጆቿ ሄደች።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ እመት ቀበሮ ደንገሉ ውስጥ ተኝታ ነበር። የዳክዬው መንጋ ከሐይቁ መሃል ተነስቶ ለቀለብ ሲበር የቅሎቹን ስብሰባ አየ። የመንጋው መሪ አንድ እግሯን አሣ ነክሷት የምታነክስ አሮጊት ዳክዬ ናት።

«እማማ፣ እማማ! እንግዶች መጥተዋል!» አለች ከኋላ የምትበር አንዲት ኮረዳ ዳክዬ።

«አየሁ» አለች አሮጊቷ። «አንድ ዙር እንዙር።»

ዞሩ። ታች ያሉት ረግተው ተቀምጠዋል። ማንም አልደነገጠም፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም።

«ደንገሉ አጠገብ እንዲህ ተዝናንተው ከተቀመጡማ ደኅና ቦታ ነው» አለ ሌላው። «ቦታም ትተውልናል።»

አንዷ ወረደች። ሁለተኛው ተከተላት። ሦስት። እመት ቀበሮ ትንፋሿን ዋጠች። ክፍቱ ቦታ ከእሷ አንድ ዝላይ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ግን ዝላዩ አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይበራሉ። ሰባቱም ተጠጋግተው እስኪያርፉ መጠበቅ አለባት። አራት። አምስት። «ልጆቼ» አለች በሆዷ፤ «ሁለት ብቻ ቀረ።» ስድስተኛው እግሩን ዘርግቶ መውረድ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለች፤ እንደ ሁልጊዜውም ነፋሷን ይዛ መጣች።

ነፋሱ ከደንገሉ በኩል ወደ ሐይቁ ነፈሰ። ውሃው ተሸበሸበ። የቅል ዳክዬዎቹ ከደረታቸው በደንብ ታስረዋልና እመት ቀበሮ እንዳለችው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። እዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ግን አሥራ አንዱ በአንድነት ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። መሬት ያልነካ ድንጋይ ማንንም አያቆምም። ሦስት ክንድ ጠፍር የተረፈለት የመጀመሪያው ቅል ብቻ ትንሽ ታገለ፤ ሆኖም ማዕበሉ ከፍ ሲል የሚዘረጋ ትርፍ ጠፍር አልነበረውም። ድንጋዩን ከጭቃው ነቅሎ እሱም ጓደኞቹን ተከተለ። አያ ጅቦ ትርፍ ያለው ሦስት ክንድ ሥራው ይኸው ነበር፤ ማዕበል ሲያነሳ መዘርጋት፣ ሲያወርድ መተኛት።

አሮጊቷ ዳክዬ ከላይ ሆና ይህን አየች።

«ልጆች» አለች፣ «ወደ ኋላ የሚዋኝ ዳክዬ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኧረ አላየንም እማማ።»

«እኔም አላየሁም። ሰባት ክረምት ኖሬ አላየሁም። ተነሱ!»

ክንፍ ተማታ፣ ውሃ ተረጨ። እመት ቀበሮ ዘለለች። ክፍቱ ቦታ ላይ በሆዷ ወደቀች፤ ስትወጣ በአፏ ውስጥ ደንገል ብቻ ነበር። ያ የተበጠረ ፀጉሯ ከቆዳዋ ላይ ተለጥፎ የረጠበች አይጥ መሰለች። ዳክዬዎቹ ከሐይቁ መሃል ደርሰው አርፈዋል። እመት ቀበሮ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይህን ያየ አልነበረም።

አንበሳው ማዶ ነበር። ከጎህ ጀምሮ ሰባቱን ዳክዬ እየጠበቀ፣ አህያውን አጠገቡ አቁሞ ከዳር ተቀምጧል።

«ንጉሥ ሆይ!» አለ አህያ። «ዳክዬዎቹ እየመጡልዎ ነው! አሥራ ሁለት ናቸው!»

አንበሳው ዓይኑን አጠበበ። «ሰባት አልነበር ያልኳት? ይህች ቀበሮ ለካ ስታመጣ ታመጣለች።» ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አህያ።»

«አቤት ንጉሥ ሆይ።»

«ወደ እኔ የሚመጡት በጀርባቸው ነው።»

አህያው አየ። እውነት ነው። በዚያ አገር ሰው ከንጉሥ ፊት ሲወጣ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወጣል እንጂ፣ ወደ ንጉሥ በጀርባው የገባ የለም።

«ምናልባት ሥርዓቱን አያውቁት ይሆናል» አለ አህያ። «የውሃ ሰዎች ናቸው።»

«አስተምራቸዋለሁ!» ብሎ አንበሳው ተወርውሮ ገባና ከፊት ያለውን፣ ማለትም ከኋላ ያለውን፣ በሙሉ ኃይሉ ነከሰው።

ቀው አለ። ቅል ነው ብለን ነበር፤ ቅሉም ተሰብሯል፤ የንጉሡም የላይ ጥርስ አብሮ ተሰብሯል። አፉ አሸዋና ሰም ሞላ። ዳር ድረስ ሲወጣ አንድ ክንድ ጠፍር ከነድንጋዩ ከጢሙ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል።

ረፋዱ ላይ ችሎት ተቀመጠ። እመት ቀበሮ ገና አልደረቀችም። አያ ጅቦም ተጠርቶ መጣ፤ ራስና እግሩ የሚከፈለው መስሎት ነበር። አህያው አሥራ ሁለቱን የጠፍር ቁራጭ ከንጉሡ ፊት ዘረጋ። ከእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

«ይህን የበላ ማነው?» አለ አንበሳው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። አያ ጅቦ ከሁሉም ቀድሞ ተናገረ።

«ጠፍሩን አልበላሁም፣ ምዬ ነበር! የበላሁት ትርፉን ብቻ ነው። ውሃው ሦስት ክንድ፣ ጠፍሩ ስድስት ክንድ፤ ለምን ብዬ ብጠይቃት አልነገረችኝም።»

«ሰሙልኝ ንጉሥ ሆይ!» አለች እመት ቀበሮ። «በአፉ አመነ! ጥፋቱ የእሱ ነው። የእኔን ሥራ ይዩልኝ፣ ላባውን ይዩልኝ፣ ዓይናቸውን ይዩልኝ፤ ምን ይወጣለታል?»

አንበሳው ከፊቱ የተቀመጠውን ቅል አየ። በእርግጥ ምንም አይወጣለትም። የጉሎ ፍሬ ዓይኑ ትክ ብሎ ያየዋል።

«ዳክዬ አመጣለሁ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለጅብ ጠፍር ያስያዘው ማነው?»

እመት ቀበሮ የረጠበ ጅራቷን መላስ ጀመረች።

«ካስያዝሽው በኋላ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያየ ማነው?»

አህያ በየዋህነት «ማንም አላየም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ።

«እንግዲያው» አለ አንበሳው፣ «ጅብ ጠፍር ቢበላ ጅብነቱን ነው። እሱን አህያ አንድ ጊዜ ይርገጠውና ይሂድ። አንቺ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአገሬ ውጪ።»

አህያ ይህን ቀን ዕድሜ ልኩን ሲመኝ ኖሯል። ረገጠ። አያ ጅቦ ዓይኑ ጢስ ጢስ እያለው ተነሳ፤ ሲነሳም ስለ ራስና እግሩ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

እመት ቀበሮ ጉድጓዷ ስትደርስ ከርከሮ ዕቃውን ይዞ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። ክፉ አልተናገራትም፤ «ቀስ በይ፣ እጠብቃለሁ» አላት። ገብታ የመጀመሪያውን ልጇን በአንገቱ አንጠልጥላ ወጣች። ገና ዓይኑ አልተገለጠም፤ የት እንደሚሄድ አያውቅም።

አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ አራት ናቸው አሉ። ለብቻሽ እንዴት ትችያለሽ? በእኔ ነው የተባረርሽው፣ ላግዝሽ። ሁለቱን ስጪኝ፤ አፌ ሰፊ ነው።»

ከልቡ ነው ያለው። አያ ጅቦ ክፋት አያውቅም፤ ሆድ ብቻ ነው ያለው። እመት ቀበሮ ልጇን ከእግሮቿ መሃል አስቀመጠችና አየችው።

«አይ አያ ጅቦ» አለች። «እነዚህን እኔው።»

አንዱን ይዛ ኮረብታው ላይ ብትወጣ ሦስቱ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ አያ ጅቦም ከዚያ አልተነቃነቀም። ስለዚህ አንዱን አሥር እርምጃ ወስዳ ታስቀምጣለች፤ ዘወር ብላ ሁለተኛውን ታመጣለች፤ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን። አራቱም በዓይኗ ሥር ሲሆኑ እንደገና አሥር እርምጃ። እያንዳንዱን ስታስቀምጥ በአፍንጫዋ ትነካዋለች፤ ትቆጥራለች፤ ደግማ ትነካለች። ያን ኮረብታ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። እመት ቀበሮ ጫፉ ላይ ስትደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ነበር የቀራት፤ ፀጉሯም አቧራ ለብሶ መልኩ ጠፍቶ ነበር። ከፊቷ ውሃ የሌለው አገር ተዘርግቷል። አራቱም ልጆቿ ግን ከእሷ ጋር ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚታየውን በገዛ እጁ እያሳመረ የማይታየውን ለሆዳም አደራ የሰጠ፣ ገብቶም ያላየ ሰው፣ ሥራው ተነቅሎ በነፋስ በሄደ ጊዜ ሊከሰው የሚችለው ራሱን ብቻ እንደሆነ ነው።